የጀልባችንን የሞተር መስቀያ እንደገና ስንሠራ፦ የዕቃ መረጣ ማስታወሻ

ሚያዝያ 9

ጀልባዋ ዛሬ ከውኃ ወጥታ በሞራሌ ላይ ተቀምጣለች። ርዝመቷ 7 ሜትር፣ ገላዋ ፋይበር ግላስ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ደብረ ማርያም ሰው ታመላልሳለች። ሞተሯ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ኢንዱሮ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። እንዲያም ሆኖ ሰው ሞልታ ስትነሳ ግፊቱ በሙሉ የሚያርፈው በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሞተሩ በተሰቀለበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም በሚሉት።

ያ ግድግዳ ታሟል። ሞተሩን ከፕሮፔለሩ በላይ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስነቀንቀው ግድግዳው አብሮት ይሄዳል። ከብሎኖቹ ሥር የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ወርዷል፤ ከስንጥቁም ቡናማ ውኃ ያዣል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ፣ ልጅ የታቀፈች እናት ተሳፍራ፣ ይህን ግድግዳ አምኜ ከወደብ መነሳት አልችልም። ከፋሲካ በኋላ መንገደኛ ይቀንሳል፣ ሐይቁም ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሳይገባ እንጨት የሚደርቅበት ጊዜ ይህ ብቻ ስለሆነ ሥራው አሁን መጀመር አለበት።

ሚያዝያ 11

የሞተር መስቀያ ከውጭ ሲታይ አንድ ወፍራም ፋይበር ይመስላል። ውስጡ ግን እንጨት ነው። ከውጭ አንድ የፋይበር ቆዳ፣ ከውስጥ ሌላ የፋይበር ቆዳ፣ በመካከላቸው 4 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው እንጨት አለ። ጥንካሬው የሚመጣው ሦስቱ እንደ አንድ አካል ሲሠሩ ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ ወይም ከቆዳው ከተላቀቀ የቀረው ሁለት ስስ ፋይበር ብቻ ነው።

መጀመሪያ በትንሽ መዶሻ እጀታ መላውን ግድግዳ አንኳኳሁት። ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ድምፁ ጠንካራና አጭር ነበር፤ ወደ ታች ስወርድ ደነዘ። ከዚያ በትራፓኖ፣ በ5 ሚሊሜትር መብሻ፣ ከውስጥ በኩል ብቻ እየበሳሁ የሚወጣውን ፍቅፋቂ በነጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ አስቀመጥኩ። ከላይ የወጣው ገረጣ ያለ፣ ደረቅና የሚጠቀለል ነበር። ከመካከል በታች የወጣው ጥቁር ቡናማ ነው፤ በጣቴ ስጨምቀው ውኃ ጠብ አለ፣ ሽታውም ኮምጣጣ። ከታች፣ የውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ፣ መብሻው ምንም ሳይጋፈጠው ሰጥሞ ገባ።

ውኃው የገባባቸውን በሮች አሁን ለይቻቸዋለሁ። አንደኛው የማፍሰሻው ቀዳዳ፣ ሁለተኛው የሞተሩ የታችኛው ብሎኖች፣ ሦስተኛው ደግሞ የመውጫ መሰላሉ የታሰረባቸው ቪቶች ናቸው። በሦስቱም ቦታ እንጨቱ ተበስቶ ምንም ሳይቀባ ብረት ገብቶበታል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሥራውን የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ሲያልፍ ነው። የባሕር ጨው ፈንገሱን በመጠኑ ይገታዋል፤ ጣና ግን ጨው የለውም፣ ሞቅም ያለ ነው። ለጨው ባሕር የተሠራች ጀልባ እዚህ መጥታ ቶሎ ብትበሰብስ አይገርመኝም።

ሚያዝያ 16

ከውስጥ ከፈትነው። ከውጭ ያልከፈትንበት ምክንያት አለን፤ የውጩ ቆዳ ጤነኛ ነው፣ ቅርጹንም የያዘው እሱ ነው። እሱን ካቆየነው አዲሱ እንጨት የሚያርፍበት ልክ አብሮ ይቆያል። በግራይንደር የውስጡን ቆዳ ከጎኖቹና ከወለሉ ትንሽ ገባ ብለን ዙሪያውን ቆረጥነው፤ የቀረው ጠርዝ በኋላ አዲሱ ፋይበር የሚጋደምበት ይሆናል። የፋይበር ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። ተራ የጨርቅ ጭንብል አያግደውም፤ ማጣሪያ ያለው ጭንብል፣ መነጽርና ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል።

የታችኛው ግማሽ እንጨት በአካፋ ወጣ። የላይኛውን በመሮ ስናላቅቀው የመጀመሪያው ሠራተኛ የተጠቀመበትን አየን፤ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሁለት ንጣፍ የተጣበቀ። ጤነኛ በሆነበት ቦታ አሁንም ከፋይበሩ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ በመሮ ስናነሳው የፋይበሩን ጭረት ይዞ ይመጣል። ይህን በደንብ ልብ አልኩት። ዕቃው ራሱ አልከዳም። የከዳው ውኃ በገባባቸው ሦስት ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው።

የተከፈተውን ግድግዳ ለካሁ፤ ስፋቱ 1.60 ሜትር፣ ከፍታው በጎኖቹ 55 ሳንቲሜትር፣ በመካከል ሞተሩ በሚቀመጥበት 51 ሳንቲሜትር ነው። 51ዱ ንክች አይልም። ረጅም እግር ያለው ሞተር የሚሠራው ለ20 ኢንች ከፍታ ነው፤ ከዚህ ከወጣን ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ሳህን ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል አይሆንም፣ ፕሮፔለሩም ወይ አየር ይስባል ወይ ውኃ ይጎትታል።

ሚያዝያ 19

የዛሬው ቀን በክርክር አለፈ፤ ጥሩ ክርክር ነበር። በወደቡ አካባቢ የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ጋሼ መጥተው የተከፈተውን ግድግዳ ዞር ዞር ብለው አዩትና፣

«ልጄ፣ ኮምፔንሳቶ ምኑ እንጨት ነው? በሙጫ የተጣበቀ ወረቀት ነው። ዋንዛ አምጣና ጠርቤ ላስገባልህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዋንዛን ንቄ አይደለም» አልኳቸው። ንቄም አይደለም። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሣሪያ ይታዘዛል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ሙቀጫውም ከበሮውም የቤተ ክርስቲያን በሩም ከእሱ የሚሠራው በከንቱ አይደለም። ችግሩ ከፋይበር ጋር ሲጋባ ነው። ማንኛውም ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። 55 ሳንቲሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ ጣውላው 2 በመቶ ብቻ ቢንቀሳቀስ 11 ሚሊሜትር ነው። ፋይበሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን ያያያዘው ማጣበቂያ በዓመት ውስጥ በክረምትና በበጋ ሲጎተት ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ መግቢያ አያጣም። ኮምፔንሳቶ ግን ንጣፎቹ አንዱ በቁም፣ አንዱ በአግድም ስለተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀረዋል።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «እሱስ እውነት ነው፤ በር በክረምት የሚጠብቀው ለዚህ አይደል» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ሌሎቹን እንጨቶች አንድ በአንድ ጣሉ። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዝግባ ለመላግ ያማረ ነው፤ እርጥበት ላይ ግን ዕድሜ የለውም። ጽድ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ዘይት አለው። እዚህ ላይ እኔ ጨመርኩ፦ ዘይትና ሽታ ያላቸው እንጨቶች ፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም የፋይበር ጨርቁን የሚያጠነክረው ፈሳሽ፣ በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋሉ፣ ማጣበቂያም አይወዱም። ደግሞ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሏቸው ነበር። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጣውላ በሥራዬ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

ከጋሼ ጋር በመጨረሻ ተስማማን። ውስጡ ኮምፔንሳቶ ይሆናል። ከውጭ፣ የሞተሩ መንከሻ የሚያርፍበት ሳንቃ ግን ከዋንዛ ይሆናል፤ እሱም ከአሮጌ አልጋ ከተፈታ፣ እሳቸው ቤት ለዓመታት ከተቀመጠ ደረቅ እንጨት። እዚያ ቢያብጥም ቢሸሽም ማንንም አይጎትትም፣ ሲያረጅም ተነስቶ ይቀየራል።

ሚያዝያ 23

እንጨትን ጨርሶ የመተው ሐሳብም ተመክሮበታል። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያ ጀልባ የሚጠግኑ ሰዎችን ጠይቆ የኩሳ ሰሌዳ ፎቶ ልኮልኛል። በመስታወት ጭረት የተጠናከረ የፖሊዩሬቴን ፎም ነው፤ አይበሰብስም። ለሞተር መስቀያ የሚመረጠው ብሉዋተር 26 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ክብደቱን ያመለክታል፣ በአንድ ኪዩቢክ ጫማ 26 ፓውንድ፣ በእኛ መለኪያ በአንድ ሜትር ኩብ 416 ኪሎ ገደማ። እጄ ላይ ቢገባ እጠቀምበት ነበር። ግን ሰሌዳው በሻንጣ አይገባም፣ በመርከብ አስመጥቶ በጉምሩክ ማሳለፍ ደግሞ ከጀልባዋ ሥራ ሁሉ ይበልጣል።

«ኢፖክሲውን እንኳ ይዤልህ ልምጣ?» አለኝ፤ ከማጠንከሪያው ጋር ሲዋሐድ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ ማለቱ ነው። አይሆንም። የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ቆዳ የሚበላ ኬሚካል ተብሎ የተመደበ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም። ወገን ከውጭ ሲመጣ ዕቃ ማዘዝ ልማዳችን ነው፤ ይህን ግን ለማንም አትዘዙ።

እዚህ ያለው ፎምስ? አንድ ወዳጄ ለቀዝቃዛ መጋዘን ግድግዳ የሚሆነውን ፎም ጠቆመኝ። እሱ በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከኩሳው አንድ አሥረኛ። የሞተር ብሎን ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል፤ ብሎኑ ይላላል፣ እንደገና ሲጠበቅ እንደገና ይጨፈለቃል። ለሙቀት መከላከያ የተሠራ ነገር ጭነት አይሸከምም።

ፕላስቲክ ሰሌዳም ቀርቦ ነበር፤ ጀሪካን ከሚሠራበት ዓይነት። አይበሰብስም፣ ግን ምንም ዓይነት ሬዚን አይዘውም። በሁለት ቆዳ መካከል ልቅ ሆኖ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ግድግዳውን አያጠነክረውም።

የብረት ቤቱ ሰውዬ 4 ሚሊሜትር ላሜራ መሐል እንክተት አለ። ለዚህ ግድግዳ ብቻ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያም ከጀልባዋ ጭራ ላይ፣ ወደ 70 ኪሎ የሚደርስ ሞተር በተንጠለጠለበት። የማይታይ ቦታ የተቀበረ ብረት ደግሞ ዝገቱም አይታይም። ከእሱ ሐሳብ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፤ ከብሎኖቹ ዳዶ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ 6 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ሳህን ይሆናል። እዚያ ይታያል፣ ይፈታል፣ ይቀየራል፤ ግፊቱንም በሰፊው ያካፍለዋል።

ሚያዝያ 28

አዲስ አበባ ነኝ፤ ቀኑን መርካቶ ኮምፔንሳቶ ስፈልግ ዋልኩ።

«ማሪን አለ?» ስል ሁሉም «አለ» ይላል። የሚያወጡት ግን ሁለት ፊቱ ቡናማ ለስላሳ ፊልም የለበሰውን፣ አርማታ ሲሞላ የሚጠቀሙበትን ሰሌዳ ነው። ለጀልባ የሚሠራው እውነተኛው ማሪን የብሪታንያውን ቢ.ኤስ. 1088 መስፈርት የሚያሟላ ነው፤ ውስጡ ባዶ ክፍተት የሌለበት፣ ሙጫው ቢቀቀልም የማይለቅ። ማህተም ግን በማንም እጅ ይመታል። እኔ የምፈልገው የማህተሙን ሁለት ነገሮች ነው፤ ክፍተት የሌለው ንጣፍና የማይለቅ ሙጫ። እነዚህን ደግሞ በዓይንና በእሳት መፈተን ይቻላል።

ስለዚህ ፊቱን ትቼ ጠርዙን ማየት ጀመርኩ። ብዙዎቹ የአርማታ ሰሌዳዎች ጠርዛቸው በቀለም ተሸፍኗል፤ በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ይታያል። በአንዱ ላይ 18 ሚሊሜትሩ በወፋፍራም ጥቂት ንጣፎች ተሞልቶ በመካከሉ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። በሌላው መካከለኛው ንጣፍ ሳይገናኝ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ክፍተት በሞተር መስቀያ ውስጥ የውኃ ቦይ ነው፤ ከአንድ ብሎን የገባ ውኃ በእሱ በኩል ማዶ ይደርሳል።

በመጨረሻ አንድ ሱቅ ከኋላ፣ ከሕንፃ ሥራ ተርፎ የመጣ፣ ያንኑ ፊልም የለበሰ የበርች ሰሌዳ አገኘሁ። 18 ሚሊሜትሩ ውስጥ 13 ስስ ንጣፍ ቆጠርኩ፤ ሁሉም እኩል፣ የሙጫው መስመርም ጥቁር ቡናማ። ያ ቀለም ብዙውን ጊዜ የፌኖል ሙጫ ነው፤ ውኃና ፈላን የሚቋቋመው። ባለሱቁ ጥርጣሬዬን አይቶ «ወንድሜ፣ ቆርጠህ ውሰድና ፈትነው፤ ካልሆነልህ ቀሪውን አትገዛም» አለኝ። ከእሱም፣ ከሁለት ሌሎች ዓይነቶችም ቁራጭ ይዤ ወጣሁ።

ስለ በርች መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከባድና ብርቱ ነው፣ በሜትር ኩብ 680 ኪሎ ገደማ፤ እርጥበት ካገኘው ግን በራሱ ፈንገስን የሚከላከልበት ነገር የለውም። ለጀልባ ሰሌዳ የሚመረጠው የጋቦኑ ኦኩሜም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ውኃ እስካልነካቸው ድረስ ነው።

ግንቦት 2

ቁራጮቹ በከሰል ምድጃ ላይ፣ በአሮጌ ድስት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተኩ ዋሉ። ላያቸው ላይ ድንጋይ አኑሬ አሰጠምኳቸው። ከዚያ በፀሐይ አደረቅኋቸውና መልሼ ቀቀልኳቸው፤ ሙጫን የሚፈትነው ማበጥና መሸሽ ሲደጋገም ነው።

ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ተራው ኮምፔንሳቶ ገና በመጀመሪያው እንደ ራሰ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተከፈተ። የዩሪያ ሙጫ የፈላ ውኃ አይችልም። ሁለተኛው፣ ክፍተት የነበረው የአርማታ ሰሌዳ፣ በጫፉ ሁለት ንጣፍ ለቀቀ፤ ሌላው ያዘ። በርቹ ቀለሙ ጠቆረ፣ ትንሽ አበጠ፣ አንዲት ንጣፍ ግን አልለቀቀም። መሮ በሙጫው መስመር ላይ አስገብቼ በመዶሻ መታሁት፤ የተሰነጠቀው እንጨቱ ነው፣ መስመሩ አይደለም። ይህ ነው የምፈልገው ምልክት። ወዲያው ደወልኩና ሰሌዳው በጭነት መኪና እንዲመጣልኝ አደረግሁ።

አንድ ሰሌዳ ይበቃል። 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ ባለ 55 ሳንቲሜትር ሁለት ንጣፎች በወርዱ ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ ከርዝመቱም ለማዕዘን ድጋፎች የሚሆን ይተርፋል። ሁለቱ 18 ሲደረቡ 36 ሚሊሜትር፣ ከሙጫቸው ጋር ወደ 38። አንድ ወፍራም ከማድረግ ሁለት ስስ መደረቡ ይሻላል፤ የውጩ ቆዳ በመጠኑ የቀስት ቅርጽ አለው፣ 18ቱ ሲጫኑት ይታዘዛል።

ግንቦት 6

የሬዚን ውሳኔ። በዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው በዋጋ የሚሸነፈው፤ ስለዚህ በደንብ ልጻፈው።

በአገራችን የፋይበር ሥራ ሁሉ፣ ታንከሩም የመኪና አካሉም፣ የሚሠራው በፖሊስተር ሬዚን ነው። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ማጠንከሪያውም ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ጠብ ይደረግበታል። ፋይበር በፋይበር ላይ ትኩሱን ሲሠራ ጥሩ ነው። እንጨትን የሚይዘው ግን በደካማው ነው፤ ሲጠነክር ይኮማተራል፣ ከዓመታት በኋላም ከእንጨቱ ይላቀቃል። ኢፖክሲ እንጨትንም፣ የቆየ ፖሊስተርንም አጥብቆ ይይዛል፣ እምብዛም አይኮማተርም፣ የውኃ እርጥበትንም የተሻለ ያግዳል። ዋጋው ግን የፖሊስተሩ ብዙ እጥፍ ነው።

የፋይበር ባለሙያችን «እንጨቱን በኢፖክሲ አጣብቀን ላዩን በፖሊስተር እንጨርሰው» አለኝ። ሐሳቡ ገንዘብ ለማዳን ነው፣ ገባኝ። ነገር ግን ኢፖክሲ በቆየ ፖሊስተር ላይ ይይዛል እንጂ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ አስተማማኝ አይደለም። ከጀመሩት በአንዱ መጨረስ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በወረቀት አወጣሁ። ግድግዳው 0.9 ካሬ ሜትር ነው። እንጨቱን በሁለቱም ፊትና በጠርዙ ለማጠጣት አንድ ኪሎ የማይሞላ፣ ሁለቱን ንጣፎች እርስ በርስና ከውጩ ቆዳ ጋር ለማጣበቅ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ለፋይበሩ ንጣፎች ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ለማዕዘን ስቱኮ (በዱቄት ለወፈረው ኢፖክሲ) እና ለብሎን ቀዳዳዎች አንድ ኪሎ። ድምሩ ሰባት ኪሎ አይሞላም። ሙሉ ጀልባ ብሠራ በፖሊስተር እሠራ ነበር፤ ለሰባት ኪሎ ብዬ ግን ይህን ግድግዳ እንደገና አልከፍትም። ባለሙያችንም ወረቀቱን አይቶ «እንዲህ ከሆነማ ይሁን» አለ።

ያገኘሁት ኢፖክሲ በግንባታ ኬሚካል መደብር፣ የአርማታ ስንጥቅ ለመሙላት የሚሸጥ ቀጭኑ ነው። የጠየቅሁት ዋና ነገር ማቅጠኛ የሌለበት መሆኑን ነው፤ ማቅጠኛ ያለበት ለቀለም እንጂ ለማጣበቂያ አይሆንም። ከመግዛቴ በፊት ጥቂቱን ወስጄ ሁለት የበርች ቁራጭ አጣብቄ አሳድሬ በመዶሻ አላቀቅሁት፤ እንጨቱ ተቀደደ፣ ሙጫው አልተነካም።

ከፋይበሩ ጨርቅ ደግሞ የተበታተነውን ማት ትተን የተሸመነውን፣ በካሬ ሜትር 600 ግራም የሚመዝነውን ወሰድን። ማቱን አንድ ላይ የያዘው ዱቄት የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው፤ ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን ስለሌለ ማቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ማዕዘንም አይዞርም።

ለሌሎች ባለ ጀልባዎች፦ በፖሊስተር የምትሠሩ ከሆነ ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ጠብ ካለ ያሳውራልና ያለ መነጽር አትንኩት። ማፍጠኛው ኮባልት ለብቻው ከመጣ ደግሞ ሁለቱን በቀጥታ አታገናኙ፤ ይፈነዳል።

ግንቦት 13

ሰሌዳው ደርሶ ሰንብቷል። ፊልሙ በሙሉ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ነጩ እንጨት ወጥቷል። ይህ ግዴታ ነው፤ ፊልሙ የተሠራው አርማታ እንዳይይዘው ነው፣ ኢፖክሲም አይይዘውም።

ከዚያ ማድረቅ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለንም፤ በምትኩ ከሰሌዳው የተረፈች ቁራጭ ከንጣፎቹ ጋር አብራ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት ተቀመጠች፣ በየጠዋቱም በወጥ ቤት ሚዛን ተመዘነች። በመጀመሪያ ግራሙ በየቀኑ ይወርድ ነበር። አሁን መውረዱን አቁሟል፤ እንጨቱ ከግንቦት አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ግንቦት በባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነ፣ ክረምቱም ገና ስላልገባ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናገኝም።

ጋሼ ንጣፎቹን ቆርጠው ሞከሯቸው። ከሆዷ ጋር በሚገናኝበት ሹል ጠርዝ ላይ እርሳስ እየቀቡ፣ እያስገቡ፣ እያወጡ፣ የነካውን ብቻ እየላጉ አስማሙት። ዙሪያውን ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖር ነገርኳቸው፤ እንጨት ከፋይበር ጋር ጥርስ ለጥርስ ሲገጥም ጠንካራ ነጥብ ይፈጥራል፣ ፋይበሩም እዚያ ይሰነጠቃል። ክፍተቱን ስቱኮው ይሞላዋል።

ግንቦት 15

ጠዋት ገና ሳይሞቅ አጣበቅን። ኢፖክሲ በጠባብ ዕቃ ብዙ ከተበጠበጠ ራሱን አሙቆ ይጨሳል፤ በሰፊ ትሪ ትንሽ በትንሽ ነው። ምጥጥኑም በሚዛን ነው። ፖሊስተር ላይ ማጠንከሪያ በመጨመር ማፋጠን ይቻላል፤ ኢፖክሲ ላይ የጨመሩት ትርፍ ሳይዋሐድ ይቀርና ሥራው ለዘላለም ለስላሳ ይሆናል።

መጀመሪያ እንጨቱን ቀጭን ኢፖክሲ አጠጣነው። ጠርዙ ሦስት ጊዜ ጠጣ፤ የእንጨት አፉ ጠርዙ ስለሆነ እስኪጠግብ ተሰጠው። ከዚያ በደቃቅ የእንጨት ዱቄት የወፈረውን ኢፖክሲ ጥርስ ባለው የሴራሚክ መለጠፊያ ዘረጋነው። ንጣፎቹን አስገብተን ከውጭና ከውስጥ ሞራሌ አድርገን፣ በሞተሩ ብሎን ቀዳዳዎች በኩል ረጅም ብሎን አሳልፈን፣ በጎኖቹ በሞርሴቶ ያዝን። ሲጠብቅ ስቱኮው ዙሪያውን በእኩል ወጣ። በአንድ ጥግ ሳይወጣ ቢቀር እዚያ ባዶ አለ ማለት ነበር። ባለሙያው ብሎኑን ሊጨምር ሲል ጋሼ «ተው፣ ሙጫውን ጨምቀህ አታስወጣው» አሉት። ልክ ናቸው፤ ኢፖክሲ የሚይዘው በመካከል ሲቀር ነው።

ግንቦት 18

ከፋይበሩ በፊት ሁለት ዝግጅት። ሲጠነክር በላዩ የሚወጣውን ቅባት መሰል ነገር በውኃና በስፖንጅ አጥበን አደረቅነው፤ ሳይታጠብ ቢፋቅ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ከቆረጥነው ጠርዝ ያለውን አሮጌ ፋይበር ደግሞ ተዳፋት አድርገን ፋቅነው። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ነው፣ ተዳፋቱ 12 እጥፍ፣ ማለትም 6 ሳንቲሜትር። አዲሱ በዚህ ላይ ሲጋደም ጭነቱ በአንድ መስመር አይቆረጥም።

ማዕዘኖቹን በወፍራም ስቱኮ አጎበጥናቸው፤ ጨርቅ በሹል ማዕዘን አይታጠፍም፣ ሥሩ አየር ይቀራል። ከዚያ አራት ንጣፍ፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ ሰፋ ብሎ በጎኖቹና በሆዷ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር እየወጣ። አየሩን በሩሎ አስወጣነው።

ግንቦት 25

ቀዳዳዎቹ። የቀድሞውን እንጨት የገደለው እዚህ ስለሆነ ለዚህ ቀን ሌላ ሥራ አልያዝኩም።

ለ12 ሚሊሜትር ብሎን መጀመሪያ በ20 ሚሊሜትር በሳን። ቀዳዳውን ቀጭን ኢፖክሲ አጠጣነው፣ ከሥር በቴፕ ዘጋን፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሞላነው። ሲጠነክር በመካከሉ በ13 በሳነው። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ቧንቧ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያው ቢያረጅና ውኃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። የማፍሰሻው ቀዳዳም እንዲሁ ተደረገ። መሰላሉ ወደዚህ ግድግዳ አይመለስም፤ በጎን ይንጠለጠላል።

ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት ናቸው። 304 የሚባለውን ነው ያገኘነው፤ ለጨው ባሕር 316 ይሻል ነበር፣ ለጣና ይህ በቂ ነው። ማሸጊያው ፖሊዩሬቴን ነው፤ ሲሊኮን አልፈለግሁም፣ አንዴ ከነካው በኋላ ቀለምም ማጣበቂያም በዚያ ቦታ አይይዝም።

ላዩ በቀለም ተሸፍኗል። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይፈረፈራል። የፋይበር ጀልባ የላይኛው ሽፋን የሆነው ጄልኮትም ፖሊስተር ስለሆነ አልቀባነውም።

ሰኔ 3

የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጠነክር ወደ ውኃ ገባች። ሞተሩ በጋሼ የዋንዛ ሳንቃ ላይ ተቀምጧል፣ ከውስጥ የአሉሚኒየሙ ሳህን። ስነቀንቀው ጀልባዋ በሙሉ ትነቃነቃለች፣ ግድግዳው ለብቻው አይሄድም። ሰው ሞልታ የምትሸከመውን ክብደት የሚያህል አሸዋ በጆንያ ጭነን እስከ ደብረ ማርያም ሄድን፤ በሙሉ ጋዝ ተነሳን፣ በድንገት ቀነስን፣ ዞርን። ስንመለስ ብሎኖቹን ፈትሼ ዳዶዎቹን በጥቂቱ አጠበቅሁ፤ ማሸጊያው ሲቀመጥ የሚጠበቅ ነው። በውስጥ በኩል ጠብታ የለም።

ከመስከረም በኋላ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ አውጥቼ ቀዳዳውን በብርሃን አያለሁ፤ ማሸጊያውም ይታደሳል። ቀጥሎ የሚታየው የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ነው፤ ከመካከሉ አንድ ክንድ ያህል ስፍራ ሲመታ ድምፁን አልወደድኩትም።

ከጎናችን ጀልባ የሚያስር ጎረቤት የእሱም መስቀያ ይነቃነቃል። የት እንደገዛን ጠየቀኝ፤ ሱቁን ነገርኩት፣ ግን ሁለተኛው ሰሌዳ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የተረፈችውን የበርች ቁራጭ ሰጠሁት፤ ከሚገዛው ጋር በአንድ ድስት ይቀቅላታል።